ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ?

በአማርኛ «መንግሥት» የምንለው ቃል ሥሩ «ነገሠ» ነው። በዚህ በአንድ ቃል ንጉሡንም፣ ሚኒስትሩንም፣ የወረዳውን ጸሐፊም፣ ጠመንጃ የያዘውንም ሰው እንጠራበታለን። አንዳንድ ጊዜም አገሩን ራሱን እንጠራበታለን። በዕብራይስጥ ግን ነገሩ በሁለት ይከፈላል። «መዲና» ማለት ሕዝቡ፣ ምድሩ፣ ሕጉና ፍርድ ቤቱ ያሉበት አገር ነው። «ሜምሻላ» ማለት ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ አገሩን እንዲመሩ የተሰየሙት ጠቅላይ ሚኒስትርና ሚኒስትሮች ናቸው። ሜምሻላ ይመጣል፣ ይሄዳል። መዲና ግን ባለበት ይቆያል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሣነው ቋንቋ ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ኡልፓን አለ። ያነሣነው በማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኝነት በምናገለግልበት ቢሮ ዘወትር ከሚገጥመን ነገር የተነሣ ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚጎዱት ሕጉ ስለማይረዳቸው አይደለም። ሕግን ይዞ መከራከር መንግሥትን መቃወም፣ መንግሥትን መቃወምም አገርን መክዳት ስለሚመስላቸው ነው። «ልጄ፣ የሰጡኝን እቀበላለሁ፤ ከመንግሥት ጋር አልጣላም» ይሉናል። ይህ አነጋገር ከየት እንደ መጣ እኛም ከቤታችን እናውቀዋለን። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለስ ብለን ወላጆቻችን ያዩአቸውን መንግሥታት እናንሣ። ዓመታቱንና ወራቱን የጻፍነው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ወንድ አያታችን የኖሩት በንጉሡ ዘመን በጎንደር ገጠር ነበር። ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሴት አያታችን ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እንደ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበራቸውም። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት ያርሳል፤ ካመረተውም ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰጣል። ጭሰኛ ይባላል። ባለርስቱ የበደለው እንደ ሆነ ዳኛው ብዙ ጊዜ የባለርስቱ ዘመድ ወይም ወዳጅ ነበር። እርግጥ ነው፣ አገሩ ሕግ አልባ አልነበረም። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር፤ የተበደለም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት የሚልበት ሥርዓት ነበር። ነገር ግን ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደጅ ለመጥናት አቅም ያለው ጭሰኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ ኖሩ።

አባታችን ደግሞ ደርግን አዩ። ንጉሡ በሴፕቴምበር 1974 ከዙፋን ወረዱ። በማርች 1975 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው የሚል ዐዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ተወሰነ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ካረሱት ላይ ለጌታ ሳያካፍሉ የበሉት ያን ጊዜ ነው። አባታችን ዛሬም ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ይፈካል። ነገር ግን ያው መንግሥት ወጣቱን ለጦርነት ያፍስ፣ ከአገር ለመውጣት ሲሞክር የተያዘውን ያስር ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በእግራቸው ወደ ሱዳን ከወጡት ወገኖቻችን መካከል በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4000 እንደሚደርሱ ይገመታል። መሬት የሰጠውም፣ ልጅ የወሰደውም አንዱ መንግሥት ነበር። በስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል ሁሉም እጁን ያወጣል። እጅ ማውጣት ያን ጊዜ ሐሳብን መግለጥ አልነበረም፤ ቤተሰብን ማትረፍ ነበር።

በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ መንግሥት አይታችኋል። የ1995 ሕገ መንግሥት ብዙ ፓርቲ እንዲኖር ፈቅዶ ነበር። በምርጫው ወረቀት ላይም ማንበብ የማይችል ሰው እንዲለያቸው የንብና የመሳሰሉት ሥዕሎች ነበሩ። ሆኖም መታወቂያውም፣ የነዋሪነት ማስረጃውም ይወጣ የነበረው ከቀበሌ ነው፤ በቀበሌው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የገዢው ፓርቲ ሰው ነበር። የ2005 ምርጫ አከራክሮ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሰው ሲሞትም አያችሁ። በዚህ ላይ «ስማችን ከዝርዝሩ ይገኝ ይሆን?» እያላችሁ የጠበቃችሁት ዓመት አለ። እንዲህ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ወረቀት የያዘውን ሁሉ ላለማስቀየም ይጠነቀቃል።

«ወላጆቻችን ፖለቲካ አያውቁም» የሚል አነጋገር በየቦታው እንሰማለን፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ንጉሥን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን ያየ ሰው ስለ መንግሥት ብዙ ያውቃል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምክርም ባዶ ፍርሃት አልነበረም፤ እዚያ ሕይወት አትርፏል። አሁን የሚጠየቀው፣ እዚያ ያዳነን ዝምታ እዚህ ምን ያደርገናል የሚለው ነው። መልሱን ከቤታችን በሆነ ነገር እንናገር።

እኛ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ በእናታችን ጀርባ የታዘልን ሕፃን ነበርን። ታላቅ ወንድማችን ግን አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አባታችን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተጠሩ። በክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። አስተርጓሚ አልነበረም። ስለ ወንድማችን የሚባለውን ሁሉ ለአባታችን ያስተረጎመው ወንድማችን ራሱ ነው፤ እሱም የሚሰማውን ግማሹን አይረዳም ነበር። «አባዬ፣ ሌላ ክፍል ሊያስገቡኝ ነው፤ ፈርም ይሉሃል» አለ። አባታችን «መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል» ብለው ፈረሙ፤ ከወንበራቸው ተነሥተውም እጅ ነሥተው ወጡ። ወንድማችን ልዩ ትምህርት ከሚሰጥበት ክፍል ገብቶ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚያ የተማረው ሒሳብ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነበር። የጎደለው ዕብራይስጥ እንጂ ልቡና አልነበረም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ስንከታተል የ1988ቱን የልዩ ትምህርት ሕግ እንድናነብ ታዘዝን። ወላጅ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የመናገር፣ ውሳኔውንም የመቃወም መብት እንዳለው በግልጥ ተጽፎ አገኘነው። ሕጉ የወጣው አባታችን ከመፈረማቸው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ለአባታችን ስናነብላቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እነዚያ ሰዎች መንግሥት አልነበሩም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። አልነበሩም፤ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ሚኒስትሩ ራሱ በዚያ ወንበር ቢቀመጥም ኖሮ ሕጉ ከእሱ በላይ ነበር። ወንድማችን ዛሬ ሥራም ቤተሰብም አለው፤ የጠፉት ሁለት ዓመታት ግን አልተመለሱለትም። ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህንንም እወቁ፦ ሕጉ በ2018 ተሻሽሎ ልዩ ትምህርት ይገባዋል ለተባለ ልጅ በምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚማር የመምረጥ መብት ለወላጁ ሰጥቷል።

ከዚህ በኋላ ወደ አያታችን ተረት እንመለስ። በዚህ አገር ንጉሥ ይከሰሳል ወይ? ሞሼ ካጻቭ ከ2000 እስከ 2007 የእስራኤል ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዲሴምበር 2010 ፍርድ ቤት በአስገድዶ መድፈር ጥፋተኛ አላቸው፤ ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸውም በ2011 መጨረሻ ወኅኒ ገቡ። ኤሁድ ኦልመርት ከ2006 እስከ 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በጉቦ ተከሰው ተፈረደባቸውና በፌብሩዋሪ 2016 ወኅኒ ገቡ። ይህን የምንጽፈው በሰዎቹ ውርደት ተደስተን አይደለም። ፍርዱ ሲነበብ አንድም ወታደር ከሰፈሩ አልተንቀሳቀሰም፤ በማግሥቱ አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ሠራ፤ ጡረተኛውም ጡረታውን ተቀበለ። መዲና እና ሜምሻላ ሁለት ቃላት መሆናቸው በተግባር የሚታየው በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 ድረስ በዚህ አገር አምስት ጊዜ ለክነሴት ምርጫ ተደርጓል። በቴሌቪዥን «ሃሜምሻላ ናፍላ»፣ ማለትም «መንግሥቱ ወደቀ»፣ በተባለ ቁጥር አንዳንድ እናቶቻችን ዱቄትና ዘይት እንግዛ ወይ ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው አያስቅም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከኢትዮጵያ የወጣው በሜይ 21፣ 1991 ነው፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን የያዘው በሜይ 28 ነው። ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ያወጣው በመካከሉ፣ በሜይ 24 እና 25 ነው። ወላጆቻችን መንግሥት ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል፤ መንግሥት ወደቀ ማለት ለእነሱ መድፍ ማለት ነው። እዚህ ግን መንግሥቱ ወደቀ ማለት ወደ ምርጫ እንሄዳለን ማለት ነው። እስከዚያው የነበሩት ሚኒስትሮች በቦታቸው ይሠራሉ፤ የቢቱዋሕ ለኡሚ ገንዘብም በቀኑ ይገባል።

ታዲያ እዚህ ሁሉ ነገር ቀና ነው ልንል ነው? አይደለም። እንዲህ ብንል ከመካከላችሁ ማንም አያምነንም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ዝም ያላሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። በ1985 የመንፈሳዊ ሥርዓት ጥምቀት እንዲፈጽሙ በተጠየቁ ጊዜ ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። ብዙዎቹ ከሱዳን ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በጃንዋሪ 1996 ከእኛ ወገን የሚለገሰው ደም በስውር እንደሚጣል በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባቶችም ነበሩባቸው። መንግሥት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮንን ሰብሳቢ አድርጎ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። በዚያው ዓመት አዲሱ መሰለ ለክነሴት ተመረጡ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ የክነሴት አባል በመሆን የመጀመሪያው ናቸው። ስግድ በ2008 በሕግ የአገሩ በዓል ሆነ። በ2015 ፖሊስ ከእኛ ወገን የሆነ ወታደር ሲመታ በፊልም ከታየ በኋላ ወጣቶቹ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጡ፤ በ2016 የወጣው የመንግሥት ሪፖርት በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ዘረኝነት መኖሩን አምኖ ጻፈ፤ በፍትሕ ሚኒስቴርም ይህን የሚከታተል ክፍል ተከፈተ። በ2020 ፕኒና ታማኖ ሻታ የዐሊያና የውሕደት ሚኒስትር ሆኑ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኒስትር በመሆን የመጀመሪያዋ ናቸው።

ይህ ሁሉ ችግሩን ጨርሶታል አንልም። በ2019 አንድ ወጣት ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ሐዘኑና ቁጣው እንደገና ጎዳናውን ሞላው። ነገር ግን ከላይ የቆጠርናቸውን ነገሮች ያገኘነው ዝም ብለን በመጠበቅ አይደለም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም ተረት የራሳችን ነው፤ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው እንጂ እዚህ የተማርነው አይደለም።

በዚህ ነገር ጎረቤቶቻችንንም ብናይ ጥሩ ነው። ከ1989 ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ወደ እስራኤል መጥቷል። እነሱም የመጡት አንድ ፓርቲ ብቻ ከነበረበት፣ የምርጫ ወረቀቱ ላይም አንድ ስም ብቻ ይጻፍበት ከነበረ አገር ነው። በ1996 የራሳቸውን ፓርቲ አቁመው በክነሴት ሰባት ወንበር አገኙ። በቁጥር ከእኛ እጅግ ይበልጣሉና ከእነሱ ጋር አንወዳደርም። ከእነሱ የምንማረው ግን አለ፦ ከዝምታ አገር የመጣ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መናገርን መልመድ ይችላል።

ልባችንን ይበልጥ የሚያሳዝነው በየቤቱ የምናየው ነገር ነው። ልጅ በትምህርት ቤት ስለ ዴሞክራሲ ይማራል፤ ማታ አባቱ በፓኪዱ ፊት አንገቱን ሲደፋ ያያል። «አባቴ ፈሪ ነው» ይላል። አባት ደግሞ ልጁ በሰልፍ ላይ ሲጮኽ በቴሌቪዥን ያይና «ይህ ልጅ ሊያስፈጀን ነው» ይላል። ሁለቱም አይነጋገሩም። ልጁ አባቱ እነዚያን ስብሰባዎች እንዴት እንዳለፈ አልሰማም። አባቱም እዚህ ሰልፍ ለማድረግ በሕግ ፈቃድ እንደሚጠየቅና እንደሚሰጥ አልሰማም። አባትን ፈሪ ያሰኘው፣ ልጁንም ሽፍታ ያስመሰለው ይህ አለመነጋገር ነው። ሱዳንን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ፈሪ ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ያልተረዳችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አስተርጓሚውም ልጃችሁ አይሁን። ለልጁም ከባድ ነው፣ ለእናንተም ክብር አይደለም። «ቤቴ ወስጄ አንብቤ እመለሳለሁ» ማለት ስድብ አይደለም። ፓኪዱ ደመወዝተኛ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም፤ እናንተም በትሕትና ጠይቁት፣ እሱም በትሕትና ይመልስላችሁ።

ሁለተኛ፣ «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ነገሩ እዚያ አያበቃም። ይግባኝ በዕብራይስጥ «ዒርዑር» ይባላል። የቢቱዋሕ ለኡሚ ውሳኔ በሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የሕግ እርዳታ ክፍል ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤት በደል ከሆነ ደግሞ መቫከር ሃመዲና የሚባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ አለ። ከ1971 ጀምሮ የሕዝብን አቤቱታ ይሰማል፤ ለዚህም ገንዘብ አያስከፍልም። አያታችን ለአቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረባቸው፤ ዛሬ አቤቱታ በፖስታ ይላካል። ይግባኝ ጊዜ እንዳለው ብቻ አትርሱ፤ ደብዳቤውን በትራስ ሥር አታቆዩት፣ በዚያው ሳምንት ወደሚያነብላችሁ ሰው ውሰዱት።

ሦስተኛ፣ ዜግነታችሁ የጸናላችሁ ሁሉ ምረጡ። ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ለክነሴት ይመርጣል፤ ለከተማ ምክር ቤት ደግሞ ከ17 ዓመት ጀምሮ ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ኤንቨሎፕ ይሰጣችኋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻችሁን ትገባላችሁ። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ሥዕል ሳይሆን የዕብራይስጥ ፊደል ነውና የምትፈልጉትን ፊደል አስቀድማችሁ ከቤት አጥኑት። አንዱን ወረቀት በኤንቨሎፑ ትከታላችሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ማንን እንደ መረጣችሁ ባልም፣ ሚስትም፣ ሽማግሌም፣ አለቃም አያውቅም። በምርጫ ሰሞን «የቤተሰብህን ድምፅ ሁሉ ስጠን፣ እንረዳሃለን» የሚል ሰው ቢመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት፤ ድምፁ የእያንዳንዱ ሰው ነው። ማንን ምረጡ ብለን አንናገርም፤ ይህ የእናንተ ነው። በመጋረጃው ጀርባ እጅ አውጡ የሚል የለም።

በሚመጣው ሰንበት ከምግብ በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ በንጉሡ ጊዜ እንዴት እንደ ነበር፣ በደርግ ጊዜ ምን እንዳያችሁ ንገሯቸው። ደጉንም ክፉውንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። እነሱም ክነሴት ምን እንደሚሠራ፣ ባለ 120 ወንበሩ ምክር ቤት እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዷችሁ። ከተነጋገራችሁት ውስጥ ለሌላው ቤተሰብ የሚጠቅም ካገኛችሁ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም እናወጣዋለን። በመጻፍ የምትቸገሩ አባቶችና እናቶች ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ፤ እናንተ እየተናገራችሁ እኛ እንጽፋለን።

ሰላም ሁኑ።